ሥራ የፈታ ሕዋስ

ቀይ አፈር የምትገበያየው ሐሙስ ነው። ከጂንካ ወደ ኮንሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ በገበያዋ ቀን ሐመሩም፣ በናውም፣ ፀማዩም፣ አሪውም ይገናኝባታል። አንድ ሐሙስ እዚያ በቅል የቀረበልኝን ትኩስ ወተት እምቢ ማለት ነውር መሰለኝና ግጥም አድርጌ ጠጣሁት። ማታ ጂንካ በያዝኩት አልጋ ሆዴ ሲያጉረመርም፣ እኔም ወደ ጓሮ ስመላለስ ነጋ። ከእኔ ጋር ከዚያው ቅል የጠጡት ሰዎች ግን ምንም ሳይላቸው ከብታቸውን ነድተው ሄደዋል። «የደገኛ ሆድ!» አለኝ በማግስቱ ቁርስ ላይ ያጫወትኩት የጂንካ ልጅ፣ ሳቁን መያዝ አቅቶት።

ጥፋቱ የደጋ አይደለም፤ የላክቴዝ ነው። ላክቴዝ የወተትን ስኳር ለሁለት የሚሰነጥቅ ኢንዛይም ነው። እሱን የሚያሠራው ጂን እኔም ዘንድ ሳይጎድል አለ። የአንጀቴ ሕዋስ ግን ጡት ከጣልኩ በኋላ ቀስ በቀስ ሥራ ፈቷል። በብዙ ከብት አርቢ ሕዝብ ዘንድ ያው ሕዋስ እስከ እርጅና ድረስ ከሥራው አይለይም።

በዚያ ሰሞን ስለ ሌላ ሥራ ፈት ሕዋስ እያነበብኩ ነበር፤ ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ስለሚኖረው ቆሽት፣ ካንሰሩ ገና ሲጠነሰስ ኢንዛይም ሠሪ ሕዋሶቹ ሙያቸውን እንዴት እንደሚተዉ። የሁለቱ ታሪክ አንድ ታሪክ መሆኑ የገባኝ ሆዴን ይዤ ስገላበጥ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ከኦሞ ይነሣ። በ1967 የሪቻርድ ሊኪ ቡድን በታችኛው ኦሞ፣ ኪቢሽ አጠገብ የሰው ቅሪት አገኘ። በ2005 ዕድሜው 195 ሺህ ዓመት ገደማ ነው ተባለ፤ በ2022 ደግሞ ከላዩ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ተመርምሮ ወደ 233 ሺህ ዓመት ተገፋ። እነዚያ ሰዎች ከብት አልነበራቸውም። ወተት የሚያውቁት ከእናታቸው ጡት ብቻ ነውና እንደ ማንኛውም አጥቢ እንስሳ ጡት ሲጥሉ ላክቴዛቸውም አብሮ ይቀንሳል። ሥርዓቱ ቁጠባ ነው፤ ለማይመጣ እንግዳ ድግስ አይደገስም።

ከብት በቱርካና ሐይቅ ዳርቻ፣ ኦሞ በሚገባበት ውኃ አካባቢ፣ ብቅ ያለው ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት፣ በጋሞ ደጋ ሞታ በሚባል ዋሻ አንድ ሰው ተቀበረ። አጥንቱ በ2012 ወጣ፤ ባይራ የሚል ስም ወጣለት፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ ማለት ነው። በ2015 የዘር ሐረጉ ሲነበብ ከዛሬ ሰዎች ሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ለአሪዎች ሆኖ ተገኘ፤ ጂንካ ዙሪያ እንሰትና ቡና ለሚያለሙት አሪዎች። ወተትን በጉልምስና ለማፍጨት ከሚረዱት የታወቁ የጂን ለውጦች ግን አንዱም በደሙ አልነበረም። ከብቱ በስተደቡብ ቆላ ደርሷል፤ የባይራ አንጀት ገና ወሬውን አልሰማም። ከባይራ ጋር ቀይ አፈር ብንገናኝ ኖሮ አንድ ጓሮ እንመላለስ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሺህ ዓመታት በጽሑፍ አልቆዩልንም፤ ሥራውን በዝምታ የሠራው ወተቱ ነው። ድርቅ ሲመጣ፣ እህል ሲጠፋ፣ ወተትን ያለ ተቅማጥ የሚያፈጭ ልጅ ከማያፈጨው ይልቅ የማደግ ዕድል ነበረው። አርቢው ሁሉ ይህን ዕድል በጂኑ አገኘ ማለት አይደለም። ቅልን አጥኖ፣ ወተትን አርግቶ መጠጣት ሌላው ብልሃት ነው። እርጎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን አስቀድመው ይበሉታል፤ ለአንጀት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጂን ሺህ ዓመታት የፈጀበትን ነገር የቤት እመቤት በሁለት ቀን ትጨርሰዋለች።

የቆሽት ቱቦ ነገር ወደ መጽሐፍ የገባው ግን ከዚህ ሁሉ ርቆ፣ በጣልያን አገር ነው። በ1642 ጆሐን ጆርጅ ቪርሱንግ የተባለ ጀርመናዊ በፓዱዋ የአንድ የተሰቀለ ወንጀለኛ ሬሳ ሲከፍት በቆሽቱ መሐል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ቱቦ አየ። ምን እንደሚሠራ አላወቀም፤ ለማወቅም ጊዜ አላገኘም፤ በዓመቱ ደጃፉ ላይ በጥይት ተገደለ። በ1664 ሬይኒየር ደ ግራፍ የሚባል የሆላንድ ወጣት የዳክዬ ላባ ቀንድ በሕያው ውሻ ቱቦ ውስጥ ሰክቶ ፈሳሹን በጠርሙስ አጠራቀመ። ቀመሰውም። በዚያ ዘመን የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው ምላስ ነበር።

ፈሳሹ ለምን እንደሚረባ የገለጠው ክሎድ በርናር ነው፤ በ1840ዎቹ መጨረሻ፣ ፓሪስ ላይ። ጥንቸል ስብ አበልቶ ሆዷን ሲከፍት አንድ ነገር ዓይኑን ሳበው። ከአንጀት ስብ ተሸክመው የሚወጡት ቀጫጭን ሥሮች ነጭ የሚሆኑት ከአንድ ቦታ በታች ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ንጹሕ ናቸው። የጥንቸል የቆሽት ቱቦ ከሐሞት ቱቦዋ ብዙ ዝቅ ብሎ አንጀት የሚገባው ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ስብን የሚፈጨው የቆሽት ፈሳሽ መሆኑን ጥንቸሏ በራሷ ሆድ ጽፋ አሳየችው።

በ1869 ፖል ላንገርሃንስ፣ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ አይቶ አብዛኛው ሕዋስ በፍሬ የታጨቀ መሆኑን ጻፈ፤ ስሙን ያስጠራለት ግን በመሐል በመሐል ያያቸው ደሴቶች ሆኑ። ፍሬው የተከማቸ ኢንዛይም ነው። በ1870ዎቹ ቪልሄልም ኩነ ሥጋ የሚፈጨውን ትሪፕሲን ብሎ ሰየመው፤ «ኢንዛይም» የሚለውንም ቃል ለዓለም ያወረሰው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሥጋ የሚፈጭ ነገር ሥጋ በሆነ ሕዋስ ውስጥ ተከማችቶ እንዴት ያድራል? ቆሽት ትሪፕሲንን የሚሠራው ተቆልፎ ነው። ቁልፉ አንጀት ዘንድ ነው፤ ይህም በ1899 በፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ ታወቀ። መቆለፊያው ያለ ቦታው፣ እዚያው ቆሽት ውስጥ ሲከፈት ቆሽት ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ሃንስ ኪያሪ ይህን በ1896 ጽፎታል። አማርኛ ደግሞ «ቆሽቴን አሳረረው» ካለ ቆይቷል። አባባሉ የተናደደ ሰው ንግግር ነው እንጂ የሕክምና መጽሐፍ አይደለም፤ ቢሆንም በድንገተኛ የቆሽት ብግነት ተይዞ የሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ቃል አይፈልግም።

ሥራ የፈታ ቆሽት የሚታየው ከካንሰር ጋር ብቻ አይደለም፤ ከረሃብም ጋር ነው። የሆነውም ሩቅ አይደለም፣ ዩጋንዳ። በ1940ዎቹ ካምፓላ የሠራው ፓቶሎጂስት ጃክ ዴቪስ በክዋሺዮርኮር አብጠው የሞቱ ሕፃናትን ሲመረምር ቆሽታቸው ኮስሶ፣ ሕዋሱም ከፍሬው ባዶ ሆኖ አገኘው፤ በ1948 አሳተመው። ፕሮቲን ያልገባለት ሆድ ፕሮቲን ፈጪ አይሠራም። ሰውነት በችግር ጊዜ መጀመሪያ የሚያሰናብተው ውድ ሠራተኛውን ነው። ጉዳቱም ክፉ አዙሪት አለው፤ ምግቡ ሲመጣ የሚፈጨው የለም። ግን ሕፃኑ ቀስ እየተባለ ከተመገበ ፍሬው ይመለሳል፣ ቆሽቱም ሥራውን ይይዛል። በ2022 እና በ2023 ድርቁ ሐመርና ዳሰነች ላይ በርትቶ ከብቱን ሲፈጅ፣ ወተት የተለያቸው ሕፃናት በየጤና ጣቢያው አልሚ ምግብ በከረጢት ሲጠቡ የሚያገግመው ክንዳቸው ብቻ አልነበረም።

ይህን ልብ ይሏል፤ ሕዋስ ሥራ መፍታቱ በራሱ በሽታ አይደለም። መመለሻ እስካለው ድረስ ማረፍ ነው።

ሕዋሱ ሥራ ላይ ሳለ ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳየው ጆርጅ ፓላዴ ነው። በ1960ዎቹ ኒውዮርክ ላይ ከጄምስ ጄሚሶን ጋር ሆኖ በጊኒ ፒግ ቆሽት ውስጥ አዲስ የሚሠራን ፕሮቲን በጨረር ምልክት እያደረገ፣ ከተጠነሰሰበት ጓዳ እስከ ፍሬው ድረስ ተከተለው። በ1974 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ቆሽትን የመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ፕሮቲን በማምረት የሚስተካከለው ሕዋስ የለም ማለት ይቻላል። መቶ ግራም የማይሞላው ይህ አካል በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ጭማቂ ያፈስሳል።

እንዲህ ያለ ትጉህ እንዴት ይከዳል? መልሱ በዝግታ ነው የመጣ። በ1976 አንቶኒዮ ኩቢላና ፓትሪክ ፊትዝጀራልድ ካንሰር ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሰዎች ቆሽት አነጻጽረው፣ በካንሰሩ ዙሪያ ባሉት ጥቃቅን ቱቦዎች ግድግዳ ላይ ያልተለመደ እድገት እንደሚበዛ አሳዩ። ካንሰሩ ከሰማይ አልወረደም፤ ከፊቱ የሄዱ አሉ።

በ1979 ፊላዴልፊያ ላይ የሒላሪ ኮፕሮቭስኪ ቡድን ዛሬ ሲኤ 19-9 የሚባለውን የደም ምልክት አገኘ። በብዙ አገር የቆሽት ካንሰር የሚከታተሉት በዚህ ነው። ይህም የኢንዛይም ጉዳይ ሆኖ ቁጭ አለ። ምልክቱ የሚሠራው ፉኮዝ የሚባለውን ስኳር የሚገጥም አንድ ኢንዛይም ካለ ብቻ ነው፤ ከ100 ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ይህን ኢንዛይም ሳይታደል ይወለዳል፤ በጥቁር ሕዝብ መካከል ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ካንሰሩ ቢገፋም ደሙ ጸጥ ሊል ይችላል። «ውጤትህ ጥሩ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ሳስብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከበሽታው ይልቅ ወረቀቱ ያስፈራኛል።

በ1988 ከማኑዌል ፔሩቾ ቤተ ሙከራ የወጣ ጥናት ደግሞ አብዛኛው የቆሽት ካንሰር ኬ-ራስ በሚባል ጂን ላይ ስብራት እንዳለበት አረጋገጠ። ዛሬ ከ100 በሽተኛ ከ90 በላይ እንደሆነ ይታወቃል። ኬ-ራስ ለሕዋስ «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ የሚያስተላልፍ በር ነው፤ ሲሰበር ክፍት ሆኖ ይቀራል። በ1999 ፓቶሎጂስቶች አሜሪካ፣ ዩታ ላይ ተሰብስበው ከካንሰር በፊት ለሚታዩት ለውጦች በአንድ ስም ተስማሙ፤ ፓኒን። እስከዚያ ድረስ አንዱ ሐኪም የሚያየውን ሌላው በሌላ ስም ይጠራው ነበር።

በዚያው ሰሞን የወተቱ ታሪክ አንድ ቁልፍ ጣለ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል። በ2002 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ወተት የሚስማማቸውን ቤተሰቦች ሲመረምሩ ልዩነቱን ላክቴዝ ጂን ውስጥ አላገኙትም። ያገኙት ከጂኑ ወደ 14 ሺህ ፊደል ርቆ፣ የጎረቤት ጂን ሆድ ውስጥ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ከአምፖሉ ርቆ፣ የሰው ግቢ ተሻግሮ ተተክሏል ማለት ነው። በ2007 የሣራ ቲሽኮፍ ቡድን በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን አርቢዎች ዘንድ በዚያው አካባቢ ሌሎች ሦስት ለውጦች አገኘ። በ2013 ደግሞ የለንደኗ ዳላስ ስዋሎ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ከእንዳሻው በቀለና ከሌሎች ጋር ሆና ኢትዮጵያ ላይ ያሳተመችው ጥናት ከሁሉ ይበልጥ ያስገርማል። በአውሮፓ አንድ ለውጥ ነበር የነገሠ፤ በእኛ አገር ግን በርካታ ለውጦች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ያው ማብሪያ፣ በተለያየ እጅ፣ በተለያየ ጊዜ ተነክቷል። አንዱ ከደከመ ሌላው አለ።

ትምህርቱ ለቆሽትም ይሠራል፤ ጂኑ ሳይጠፋ ሕዋሱ ሥራ ሊፈታ ይችላል። ጥያቄው ማን አጠፋው ነው።

በ2002 ሃዋርድ ክሮፎርድና ባልደረቦቹ፣ በ2007 ደግሞ የማሪያኖ ባርባሲድ የማድሪድ ቡድን ነገሩን ከሁለት ጫፍ ያዙት። ቆሽት ሲቆጣ ኢንዛይም ሠሪው ሕዋስ መጀመሪያ የሚያደርገው ብልህነት ነው። በእሳት መሐል ባሩድ አይከመርም፤ ስለዚህ ኢንዛይም መሥራቱን ያቆማል፣ ፍሬውን ያራግፋል፣ ቅርጹን ለውጦ የቱቦ ሕዋስ ይመስላል። ምግብ ፈጪ ኢንዛይሞቹ፣ አሚላዙ፣ ሊፓዙ፣ ኢላስቴዙ፣ ይከስማሉ። ቁጣው ሲበርድ ወደ ሙያው ይመለሳል። ኬ-ራሱ የተሰበረ ከሆነ ግን መመለሻው ይዘጋል። የባርባሲድ አይጦች ይህን አሳዩ፤ ባደጉ አይጦች ቆሽት ውስጥ ኬ-ራስ ብቻውን ቢሰበር ካንሰር አላመጣም፤ ቆሽቱ ሲቆጣ ግን አመጣ። ለዚህ ነው ሐኪም ለዓመታት የሚዘልቅ የቆሽት ብግነትን፣ እሱንም የሚያባብሱትን አረቄና ሲጋራ የሚጠላው።

የክሮፎርድ ቡድን ያየው ደግሞ ሥራ የፈታው ሕዋስ እጁን አጣምሮ እንደማይቀመጥ ነው። ምግብ ፈጪዎቹን ሲተው ሌላ ኢንዛይም ያነሣል፤ ኤምኤምፒ-7። ይህ የሚቆርጠው እንጀራና ሥጋ አይደለም፤ በሕዋሳት መካከል ያለውን ማሰሪያና የሕዋሳቱን የመልእክት ምልክት ነው። ተመራማሪዎቹ በሰውም ቆሽት በፓኒኖቹ ውስጥ አገኙት። የዱቄት ወፍጮውን ዘግቶ የጎረቤት አጥር መቁረጥ የጀመረ ሰው አስቡ። አጥሩ ገና አልወደቀም፣ መንደሩም አልነቃም።

በ2010 የጆንስ ሆፕኪንስ ሰዎች ሰዓቱን ቆጠሩ። ከካንሰሩ የዘር ለውጦች ወደ ኋላ እያሰሉ፣ ከመጀመሪያው ስብራት እስከ መጀመሪያዋ የካንሰር ሕዋስ ቢያንስ 10 ዓመት፣ ከዚያ ወደ ሌላ አካል መዛመት እስኪችል ቢያንስ ሌላ 5 ዓመት እንደሚፈጅ ገመቱ። ሕመምተኛው ከዚያ በኋላ በአማካይ 2 ዓመት ያህል ነው የሚቆይ። በሽታው ፈጣን ነው ሲባል የሰማነው የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ነው።

የቆሽቱን ማብሪያ ማጥፊያስ ማን ነካው? በዩታው የቻርልስ ሙርቶ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ሰዎች በ2015 አንዱን ያዙ። ፒቲኤፍ-1ኤ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ የኢንዛይም ጂኖችን ሁሉ ይዞ የሚያሠራ የፋብሪካ አለቃ ማለት ይሻላል። አለቃውን ከአይጥ ቆሽት ቢያስወግዱ የተሰበረው ኬ-ራስ በቶሎ ወደ ካንሰር ነዳው። በ2019 ደግሞ ገለበጡት። ኬ-ራሱ ተሰብሮ፣ ፓኒኑ በቅሎ ሳለ ፒቲኤፍ-1ኤን መልሰው ቢያበሩት ሕዋሶቹ ወደ ኢንዛይም ሥራቸው ተመለሱ፤ ፍሬ አፈሩ። ስብራቱ እዚያው አለ። ሕዋሱ ስብራቱን ይዞ ወፍጮው ላይ ተመለሰ። ይህ የአይጥ ወሬ ነው፤ ለሰው መድኃኒት አልሆነም። ስለዚህ በሽታ ካነበብኩት ሁሉ ግን ደጋግሜ የምመለስበት እሱ ነው።

በ2024 ከጆንስ ሆፕኪንስ የወጣው ጥናት ደስታዬን ትንሽ አበረደው። በቀዶ ሕክምና የወጣ ቆሽትን በቀጭኑ እየሸነሸኑ በኮምፒዩተር መልሰው ሲያቆሙት፣ ደህና በሚመስለው ክፍል በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር በአማካይ 13 ፓኒን ቆጠሩ። ሽማግሌ ሆኖ ይህን የማይሸከም ሰው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም፤ አብዛኛው ደግሞ ካንሰር ሳይሆን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የትኛው እንደሚነሣ የሚለይ ምርመራ ገና የለም።

ጂንካ ላይ ይህ ካንሰር ራሱን የሚገልጠው በዓይን ነው። የበሽተኛው ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ እከክ ያስጨንቀዋል። የወፍ በሽታ ነው ይባላል፤ ሥራሥር ይቀጠቀጣል፣ ጸበሉም ይሞከራል። ከወር በኋላ ሆስፒታል ሲሄድ አልትራሳውንዱ የሐሞት ቱቦው መስፋቱን ያሳያል፤ ሪፈር ይጻፋል። አርባ ምንጭ፣ ሐዋሳ፣ ጥቁር አንበሳ። በኮንሶ ዞሮ አዲስ አበባ ለመድረስ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ነው። በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ቀይ አፈርን ሲያልፍ ሐሙስ ከሆነ የወተት ቅል የያዙ ሴቶች ይታያሉ፤ እሱ ግን የወተት ነገር ካስጠላው ሰንብቷል፤ ስቡ እንዳለ ይወጣል፣ ቱቦው ተዘግቷልና።

በሆፕኪንሶቹ ቁጥር ወደ ኋላ ብንቆጥር የመጀመሪያው ሕዋስ ወፍጮውን የዘጋው ቢያንስ ከ15 ዓመት በፊት ነው። ያኔ አውሮፕላን ጂንካ መሐል ከተማ ሣሩ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ ከማረፉ በፊት ከሜዳው ላይ ከብት የሚያባርር ሰው ይላክ ነበር።